የእጄ ጽሑፍ በሰው ፖስታ ላይ

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ትንሹ ባለቤት ዛሬ ቢሮው ጠርቶ ሻይ አስመጣልኝ። ሻይ ካስመጣ ነገር አለው። «ትንሹ» የምንለው ማተሚያ ቤቱን ያቋቋሙት አባቱ «ትልቁ ባለቤት» ስለነበሩ ነው። አባቱ ካለፉ አሥራ ሁለት ዓመት ሆናቸው፤ እሱም ተመልጦ፣ ሆዱ ቀድሞት በር የሚገባ ሰው ሆኗል፤ ስሙ ግን እንዳለ ቀረ።

«እትዬ፣ እጅዎን ልንወስደው ነው» አለኝ።

ሳላስበው እጄን ከጠረጴዛው አንስቼ ጉያዬ ውስጥ ከተትኩት። ሳቀብኝ። እጅ ማለቱ ጽሑፌን ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በየሠርግ ካርዱ ላይ የሙሽሮቹንና የተጋባዦቹን ስም በብዕር ስጽፍ ኖሬያለሁ። አሁን ያው ጽሑፍ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባና፣ ማንም ሰው ቁልፍ በነካ ቁጥር የኔው ፊደል ተሽሞንሙኖ ይወጣል። ስም እንኳ አውጥቶለታል፤ «ሙሽራ»።

«እርስዎም ያርፋሉ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «በቃ፣ ከእንግዲህ ማረፍ ነው።»

ማረፍ የሚለው ቃል ለሞተ ሰውም እንደሚነገር ትዝ ያለው አልመሰለኝም። እኔ ግን ደስ ይለኛል አልኩት። ደስም ብሎኛል። ለምን አይለኝም? የእጄን አንጓ ካመመኝ ስንት ጊዜው ነው።

ሻዩን ሳልጠጣው ወጣሁ።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ፊደሉን የምትቀርጸው ሴት መጣች። ሠላሳ ቢሆናት ነው። መነጽሯ ወፍራም ነው፤ በልቤ «ባለመነጽሯ» ብያታለሁ። ድምፅዋ ቀስ ያለ፣ የተኛ ሰው እንዳትቀሰቅስ የምትጠነቀቅ ዓይነት።

ሣጥን ሣጥን ተደርጎ የተሰመረ ወረቀት ሰጠችኝ። በየሣጥኑ አንድ ፊደል፤ ከ«ሀ» እስከ «ፖ»፣ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ። «እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ ይጻፉልኝ» አለች።

«ሦስት ጊዜ ለምን? አንዴ ካማረ አይበቃም?»

«እጅ አንድን ፊደል ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ አይጽፍም፣ እትዬ። ‹አባባ› ብለው ሲጽፉ ሁለቱ ‹ባ› ቁርጥ አንድ ከሆኑ፣ ሰው ማሽን መሆኑን ያውቅብናል። ኮምፒውተሩ እያፈራረቀ እንዲያወጣቸው ነው።»

እንግዲህ ማሽኑ እንደኔ መሳሳትን ሊማር ነው። ይህን እያሰብኩ ቀኑ ሄደ። ስጽፍ ሁልጊዜም እንደዚህ ነኝ፤ እጄ ወረቀቱ ላይ ይቀራል፣ እኔ ሌላ ቦታ ነኝ። ብዕሩ ቁልቁል ሲወርድ መስመሩ ይወፍራል፣ ሽቅብ ሲወጣ ይቀጥናል፤ ልክ እንደ ትንፋሽ። «ለ» በሁለት እግሯ ወደ ሆነ ቦታ እየሄደች ነው። «ሠ» ዝናብ ለመቀበል የተዘረጉ መዳፎች ናት። «ዐ» ባዶ ቀለበት ናት፤ በውስጧ ብታይ ማዶ ሌላ ክፍል ያለ ይመስላል። ዝናቡ የመስኮቱን ክዳን ሲደበድብ እንደ ብዙ ብዕር ይሰማኝ ነበር፤ ሰማይ ሙሉ ሰው ተቀምጦ የሚጽፍ ያህል።

ባለመነጽሯ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። «እትዬ፣ ስድስት ሰዓት ሆኗል፤ ምሳ።» እኔ ገና «ሐ» ላይ ነበርኩ።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

ቸኩያለሁ። ሁለት ሠርግ፣ አምስት መቶ ስም፣ ባለጉዳዮቹ በር ላይ ቆመዋል። በመሃል ሣጥኖቹ። «ረ» ጋ ደረስኩ። ነገ ከ«ሰ» እቀጥላለሁ። አንጓዬ።

ሰኔ 13፣ ዓርብ

ባለመነጽሯ ወረቀቶቹን ደርድራ አይታ፣ «እትዬ፣ ከ‹ረ› ወደ ‹ሸ› ነው የዘለሉት፤ ‹ሰ› ቀርታለች» አለችኝ።

«ረስቼያት ነው።»

ሞላሁላት። ከ«ሰ» እስከ «ሶ»፣ ሦስት ሦስት ጊዜ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ ብዙ ቆየች። ሌላው ሁሉ እንደ ክር ቀጥ ያለ ነው፤ ይቺ መስመር ብቻ ተንቀጥቅጣለች።

«ዛሬ ደክሞዎታል መሰለኝ።»

«ወረቀቱ ነው። እርጥበት ይዞታል።»

ሌላ ወረቀት አምጥታ ሰጠችኝ፤ ደረቅ። እሱም ላይ ተንቀጠቀጠች።  «አንዷን እንዳለች ልተዋት?» አለች ባለመነጽሯ። «ታምራለች። ሰው የጻፋት ትመስላለች።»

«አንቺ ታውቂያለሽ» አልኳት።

የልጄ ስም በ«ሰ» ይጀምራል። ይህን እዚህ መጻፌ እንዲያው ትዝ ስላለኝ እንጂ፣ ከዚህ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ሰኔ 15፣ እሁድ

ታናሽ እህቴ መጣች። እንደ ልማዷ ጃንጥላዋን ደጅ ሳታራግፍ ገብታ ወለሉን አጥለቀለቀችው።

«ትናንት ልጅሽ ጋ ነበርኩ።»

ሻይ ቀዳሁላት።

«ቤት ቀይረዋል። ከወንዙ ማዶ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ። ብርሃን የጠገበ ቤት ነው።»

«ስኳር አነሰው?»

«ስለ አንቺ ጠየቀችኝ።»

«ምን ብላ?»

እህቴ ሳቀች። «አየሽ፣ ስኳሩን ረሳሽው!» ከዚያ ፊቷ ኮስተር አለ። «ዓይኗ ደህና ነው ወይ፣ አሁንም በብዕር ነው ወይ የምትጽፈው፣ ነው ያለችኝ። አራት ዓመት ሙሉ የእናትና የልጅ መልእክተኛ ሆኜ ቀረሁ እኮ። እኔም ጉልበቴን ያመኛል፤ ያንን ደረጃ እስከ መቼ ነው የምወጣላችሁ?»

አራት ዓመት። ልጄ ያገባችው ቀድሞ አግብቶ የፈታ፣ ሴት ልጅ ያለችው ሰው ነው። አልወደድኩም። ሠርጉ ላይ አልተገኘሁም። ይህን ያህል ብቻ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ይረሳ ነበር። አንድ ቃል ደግሞ ተናግሬያለሁ። እሱን ዛሬ አልጽፈውም።

እህቴ ከሄደች በኋላ ወለሉን ወለወልኩ። የጃንጥላው ውኃ ወለሉ ላይ ሲንሸራተት ያልተጨረሰ ፊደል ሠርቶ ነበር። ምን ሊሆን ነው ብዬ እስኪደርቅ ቆሜ አየሁት።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ

ከማሽን ክፍል ስመለስ ትንሹ ባለቤት በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። «አዎ፣ አሮጊቷ እያለች ቀድተን ብንጨርስ ይሻላል። ሰው ናት፣ ነገ ምን ይታወቃል።»

እውነቱን ነው፤ ሰው ነኝ።

ስድሳ ሦስት ዓመት አሮጊት ያስብላል እንዴ? ስንት ሲሆን ነው የሚያስብለው? ማንን እንደምጠይቅ አላውቅም።

ሰኔ 25፣ ረቡዕ

ፊደሎቹ አለቁ፤ ቁጥሮቹም፣ ነጥቦቹም። ባለመነጽሯ ግን ሌላ ነገር ፈለገች። «ፊደል ለብቻው ሲቆምና ከጓደኞቹ ጋር ሲሄድ አንድ አይደለም። በቃልና በቃል መካከል ምን ያህል እንደሚተነፍሱ ማየት እፈልጋለሁ። አንድ ገጽ ሙሉ ይጻፉልኝ፤ ያሻዎትን።»

«ምን ልጻፍ?»

«ያመጣልዎትን።»

መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጎዳናው ላይ ጃንጥላዎች ያልፋሉ፤ ከላይ ሲያዩዋቸው ውኃ ላይ የተጣሉ ነጠብጣቦች ናቸው። ያመጣልኝን ጻፍኩ። ስለ አየሩ፤ ስለ እህቴ ጉልበት፤ ፎቅ ቤት ውስጥ ልብስ የት እንደሚሰጣ። አንዲት ሴት ልጅ ያደገችበትን ቤት በር ቀለም ቀይሬው እንደሆነ፣ እንዳልቀየርኩት። ገጹ ሲሞላ ገልብጬ በጀርባውም ቀጠልኩ።

ባለመነጽሯ ወስዳ ማስመሪያ አውጥታ ልትለካ ጀመረች፤ ከዚያ ማስመሪያውን አስቀምጣ አነበበች። መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። «ይህን... ለክቼ ብቻ ልመልስልዎት? ወይስ የሚላክ ነው?»

«ምን ይላካል! ለክፍተት መለኪያ የተጻፈ እኮ ነው» አልኳት። ትንሽ ጮክ ብዬ ሳልናገር አልቀረሁም።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

ዛሬ አየሁት።

ባለመነጽሯ ወንበሯን ለቀቀችልኝና በኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠችኝ። በሁለት ጣት ጻፍኩ። ቁልፉ ጠጣር ነው፣ ፊደሉ ግን መስታወቱ ላይ ለስልሶ፣ ጭራውን እየጎተተ፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀ መስሎ ወጣ። የኔ ነው። የ«ቀ» አንገቷ ዘንበል ማለቷ፣ የ«ጠ» ሦስተኛ እግሯ ረዘም ማለቷ፣ መስመር ሲያልቅ ፊደሌ ሽቅብ የምትልባት ነገር እንኳ አልቀረችም። የሠላሳ ዓመት ሰው ነኝ እዚያ ውስጥ። አንጓዬን አያመኝም።

ብዙ ቆየሁ። የሆነ ሐይቅ ዳር ተቀምጬ ጥላዬ ከኔ ቀድሞ ሲነሳ የማይ መሰለኝ።

«ደስ አለዎት?» አለችኝ።

«በጣም ታምራለች» አልኩ፤ ስለ ሌላ ሴት እንደሚያወራ ሰው።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

የሠርግ ካርድ ሦስት መጣ። ሦስቱም በ«ሙሽራ»። ለኔ የተረፈኝ ቆጥሮ ማሰር ነው። ላስቲክ ጨርሰናል።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

ዛሬ ከሥራ በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ። ፊደሉን ትንሹ ባለቤት ለሌሎች ማተሚያ ቤቶችም ሰጥቶታል፤ ከተማው በኔ እጅ ተሞልቷል። ዝናቡ ቀጭን ስለነበር ሁሉም ነገር በጨርቅ ውስጥ የሚታይ ይመስል ነበር።

ኬክ ቤቱ ሣጥን ላይ «እንኳን ተወለድሽ» ብያለሁ። ማንን እንደሆነ አላውቅም። የሽቶ መሸጫው መስኮት ላይ «አንቺን ብቻ» ብያለሁ። ትንሽ አለፍ እንዳልኩ የጥርስ ሐኪሙ በር ላይ «ያለ ሕመም እንነቅላለን» ብዬ፣ የ«ቅ» አንገቷን እንደ ሙሽራ ዘንበል አድርጌ ጽፌያለሁ። አንድ ግቢ በር ላይ «ተናካሽ ውሻ አለ»። እንዲህ ተሽሞንሙኖ ለተጻፈ ውሻ ማን ይፈራል? እጁን ዘርግቶ ነው የሚገባው።

ሻይ ቤት ገብቼ መታጠቢያ ቤት ጠየቅኩ። በሩ ላይ፣ ዓይን ለዓይን፦ «ውድ ደንበኛችን፣ ከተጠቀሙ በኋላ ውኃ መልቀቅዎን አይርሱ።» ብቻዬን ቆሜ ሳቅሁ፤ አስተናጋጇ ምን ሆነሻል በሚል ዓይን አየችኝ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ» ልላት አልኩና ተውኩት።

ቤት ስደርስ ሳቁ ጠፋ። ለማያውቀኝ ሰው ሁሉ ውድ፣ ውድ ስል ውያለሁ።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

የሐዘን ማስታወቂያ መጣ። በሕይወቴ የሐዘን ማስታወቂያ ጽፌ አላውቅም፤ ትልቁ ባለቤት እንኳ ለምነውኝ እምቢ ብያቸዋለሁ። ዛሬ እምቢ የምልበት ነገር አልነበረም፤ ማንም አልጠየቀኝም። ታትሞ ወጣ። በኔ እጅ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ የአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ ሥራ። አራት ሺህ ፖስታ፣ በየፖስታው ላይ የደንበኛው ስምና አድራሻ። ለኔ የሁለት ወር ሥራ ነበር። ማሽኑ ምሳ ሰዓት ላይ ጀምሮ ሻይ ሰዓት ላይ ጨረሰ። አጠገቡ ቆሜ ስሞቹ እንደ ቅጠል ሲረግፉ አየሁ። አንዱንም አላነበብኩም። ስም በማይነበብበት ፍጥነት ሲሄድ ያምራል፤ ነፋስ የሚጽፍ ይመስላል።

ማሽነኛው፣ «እትዬ፣ ዝም ብለው ይቀመጡ እንጂ፣ እጅዎ እየሠራልዎት ነው» አለኝ። ለቀልድ ነው። ሳቅሁለት።

ሐምሌ 27፣ እሁድ

እሺ። ልጻፈው።

ልጄ ከአራት ዓመት በፊት፣ ይኸው በክረምት፣ ማታ ወደ ቤት መጣች። ባዶ ካርዶች ይዛ ነበር፤ ነጫጭ፣ ጥሩ ወረቀት፣ ራሷ መርጣ የገዛችው። ጠረጴዛው ላይ ደርድራ፣ «እማ፣ ያንቺ እጅ ካልጻፈው ሠርግ አይመስለኝም» አለችኝ። ሰውየውን እንዳልወደድኩት ታውቃለች። ቢሆንም መጣች። ብዕሬን እንኳ አጥባ አምጥታልኛለች።

እኔ ምን አልኩ? «ለዚህ ሠርግ ቀለም አላባክንም» አልኩ።

አልጮኽኩም። ብጮኽ ይሻል ነበር። በካርድ ላይ እንደምጽፈው አድርጌ፣ ቃሉን አሳምሬ ነው ያልኩት። ልጄ ካርዶቹን አንድ በአንድ ሰበሰበች። አላለቀሰችም። «እሺ» አለች፤ በሩን እንኳ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።

ሌላ ቦታ አሳተመች። አንዱን ላከችልኝ። ፊደሉ የተኮማተረ፣ ክፍተቱ የተበላሸ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ስለዚያ ካርድ ሲነሳ የማወራው ስለ ፊደሉ ነው።

ለከተማው ሴት ልጅ ሁሉ ጻፍኩ። አሁን ለውሻውም ጽፌያለሁ።

ነሐሴ 2፣ ዓርብ

ሥራ የለም። ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። የሆነ ነጭ ሜዳ ላይ ፊደሎች ለጥ ብለው ተኝተው አየሁ፤ እንዳልረግጣቸው በጣቴ ጫፍ እየሄድኩ። ማንም አልቀሰቀሰኝም። ይኼ ነው የከፋኝ።

ነሐሴ 7፣ ረቡዕ



ማምሻውን ልብስ ሳጣጥፍ ስልኩ ጮኸ።

«እማ።»

አራት ዓመት ነው። ጆሮዬ ግን ለአንድ አፍታ አልተጠራጠረም። «አቤት» አልኩ። ልጄን አቤት አልኳት።

«ፖስታ ደረሰኝ» አለች። «ገና ከሩቅ ሳየው አወቅሁት። ስሜን እንደዚያ አድርጎ የሚጽፍ ሌላ ሰው የለም። ደረጃው ላይ ነው ቁጭ ያልኩት።»

ባለመነጽሯ! ያንን ለክፍተት መለኪያ የጻፍኩትን ገጽ ልካዋለች። በሱ ውስጥ ምን እንዳልኩ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ ስለ ልብስ ማስጫ፣ ስለ በሩ ቀለም... ጀርባው ላይስ? ጀርባው ላይ የጻፍኩት ትዝ አለኝ።

«አትክፈቺው!» አልኳት።

 ከዚያ ታምቆ ያመለጠ ትንፋሽ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። አስለቀስኳት አልኩ።

«ለምን?» አለች በመጨረሻ፤ ድምፅዋ ቀጥኖ።

«እኔ ራሴ እመጣለሁ። በአፌ እነግርሻለሁ።»

«መቼ?»

«ቅዳሜ።»

«እሺ» አለች። እሺ ያለችው እንደዚያ ቀን አይደለም። ወይስ እኔ ነኝ እንደዚያ የሰማሁት?

ልብሱን አጣጥፌ ስጨርስ ያጣጠፍኩትን ሁሉ መልሼ ዘርግቼ አገኘሁት።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ባለመነጽሯ ካፖርቷን ሳታወልቅ ደረስኩባት። «ወረቀቷን ላክሻት?»

«የትኛዋን?»

መሳቢያዋን ሳበች። ገጿ እዚያው ናት፤ በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልላ።

 ከዚያ የሷ ፊት ቀስ እያለ ተለወጠ። «የልጅዎ ስም ማን ነው?»

ነገርኳት። በማተሚያ ቤቱ ውስጥ ያንን ስም በአፌ ካወጣሁት አራት ዓመቱ ነው። የቤት ዕቃ መሸጫውን ዝርዝር ከፍታ ፈለገች። አለች። ቤት ሲቀይሩ ከዚያ መሸጫ አልጋ ገዝተዋል። ከአራት ሺህ ፖስታ አንዱ ነው የደረሳት፤ እኔም ማሽኑ አጠገብ ቆሜ ስሟ ሲያልፍ አላነበብኩትም።

«ውስጡ ምን ይላል?» አልኩ።

ባለመነጽሯ ማንበብ ከበዳት። «‹በመኖሪያ ዕቃዎቻችን ሁሉ ላይ እስከ ወሩ መጨረሻ ሃያ በመቶ ቅናሽ።› ጥፋቱ የኔ ነው፣ እትዬ። እንደዚህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።»

«እጁ የኔ ነው» አልኳት።

ያቺን ገጽ አውጥታ ዘረጋችልኝ። «ይህቺን ይውሰዱላት። ፖስታ ልስጥዎት፤ ከዚያው ጋር አንድ ዓይነት ነው።» የምትለው ገባኝ። ቅዳሜ ስገባ ያልተከፈተውን በዚህ ልቀይረው እችላለሁ። ማን ያውቃል? ልጄ ደብዳቤ የደረሳት መስሏታል፤ ደብዳቤ ይሆንላታል።

ፖስታውን ተቀበልኩ። ገጿን ግን እዚያው ተውኳት።

ከሰዓት ትንሹ ባለቤት፣ ከመጪው ወር ጀምሮ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ገብቼ የሚታተመውን እንዳይለት ጠየቀኝ። «እጅዎን ወስደናል፤ ዓይንዎን ግን ኮምፒውተሩ አልቻለበትም» አለ። እሺ አልኩት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳምንት አስብበት ነበር።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

አምስት ጊዜ ጀመርኩ። «ውድ ልጄ» ብዬ ስጽፍ የሽንት ቤቱ በር ይመጣብኛል። ውድ የሚለውን ቃል አባክኜዋለሁ።

ፖስታውን ቀደድኩት።

ነሐሴ 11፣ እሁድ

ትናንት ሄድኩ። ምንም ሳልይዝ።

ከወንዙ ማዶ፣ ሁለተኛ ፎቅ። ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ አረፍኩ፤ የእህቴ ጉልበት ገባኝ። በሩን የከፈተችልኝ አሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ ናት፤ የሰውየው ልጅ። እስካሁን አይቻት አላውቅም። እኔም ያን ሁሉ ያልኩት በሷ ምክንያት ነው፤ አንዲት የጥርሷ መሃል ክፍት የሆነ፣ ካልሲዋ የተገለበጠ ልጅ።

«ጽሑፋቸው የሚያምረው እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

«ነበርኩ» አልኳት።

ልጄ ከኋላዋ መጣች። ከስታለች። ወይም እኔ በልቤ ያቆየኋት ልጅ ወፍራ ኖሯል። ተቃቀፍን፤ ግን ዕቃ እንደያዙ ሰዎች፣ በስሱ። ባሏ ተነስቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ጠረጴዛው ላይ ገና ያልተቆረሰ ትልቅ ዳቦ ተቀምጦ እያለ፣ «እንግዲህ ዳቦ ልግዛ» ብሎ ጃንጥላውን አንስቶ ወጣ። ደግ ሰው መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። ወደ ዝናብ ነው የወጣው።

ፖስታው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ስሟ ወደ ላይ ሆኖ። አየሁት። ያማረ ነው። እኔም ብሆን የኔ ነው እላለሁ።

ሳልቀመጥ ጀመርኩ። ከተቀመጥኩ እንደማልናገረው አውቃለሁ። «ይኸ ፖስታ... ስሚኝ። እጁ የኔ ነው፤ ደብዳቤው የኔ አይደለም። ፊደሌን ኮምፒውተር ወስዶታል። አሁን ማንም ሰው በኔ እጅ ይጽፋል። ውስጡ ያለው የዕቃ መሸጫ ማስታወቂያ ነው። እኔ አልጻፍኩልሽም። አራት ዓመት ሙሉ አልጻፍኩልሽም። ያን ጊዜ ካርዱን ልጽፍልሽ ሲገባኝም አልጻፍኩም፤ ይባስ ብዬ ያንን ቃል ተናገርኩሽ። ክፉ ቃል ነው። ይቅር በይኝ።»

በወረቀት ላይ ቢሆን ይህን ሁሉ ስንቴ ሰርዤ እደግመው ነበር። በአፍ ግን እንደወጣ ወጣ፤ ተንጋዶ፣ ክፍተቱ ተበላሽቶ።

 ልጄ እጇን ሰድዳ ፖስታውን ገለበጠችው። ጀርባው ተቀዷል።

«ሶፋ ላይ ሃያ በመቶ» አለች።

«ከፍተሽዋል!»

«ማክሰኞ ነው የከፈትኩት።»

«የደወልሽው ረቡዕ አይደለም እንዴ?»

«ረቡዕ ነው።» ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ልታለቅስ ነው ስል ሳቀች። «‹አትክፈቺው!› ስትይኝ እኮ፣ እማ፣ ትራስ ነክሼ ነው የቻልኩት። የሶፋ ቅናሽ እንዳላይ የምትለምኚኝ ነበር የሚመስለው!»

እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ? ያቺ ትንሽ ልጅ ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራን ሳቀች። እንባዬን ጠረግሁና፣ «ታዲያ ሶፋ መሆኑን ካወቅሽ ለምን ደወልሽ?» አልኳት።

ሳቋ ቀስ ብሎ ሄደ። በፖስታው ላይ ስሟን በጣቷ እየተከተለች ነው የመለሰችልኝ።

«ቅዳሜ ነው የደረሰኝ። ለመክፈት ፈራሁ። ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጬው፣ ስገባ ስወጣ አየዋለሁ። ያንቺ መስሎኝ፣ እስከ ማክሰኞ ድረስ ሦስት ቀን ሙሉ ታርቀን ነበር። የማበስልልሽን ሁሉ አስቤ ነበር። ከፍቼው ሶፋ ሲሆን፣ ወደ ኩርፊያው ልመለስ ብዬ ሞከርኩ።» ቀና ብላ አየችኝ። «አቃተኝ፣ እማ።»

ያኔ ነው በደንብ የተቃቀፍነው።

ባሏ ሲመለስ ጃንጥላው ተገልብጦበት፣ ከራሱ እስከ እግሩ ርሶ፣ በኮቱ ሥር የደበቀው ዳቦ ብቻ ደርቆ ነበር። ትንሿ ልጅ ጠረጴዛው ላይ ያለውን አሳየችው። «አባዬ፣ ዳቦ ነበረን እኮ!»

ሰውየው የኛን ፊት አየ፤ የሷን አየ። ሁለተኛውን ዳቦ ከፊተኛው ጎን አስቀመጠ።

«ዛሬ ያልቃል» አለ።

አለቀም።